ሳይጫወቱ በጨዋታው የሚኖሩ



በማናቸውም ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ልጅ አይታጣም። ይህ ልጅ ጨዋታን ከነፍሱ ይወዳል፤ ነገር ግን እግሩ ፈጣን፥ ክንዱም ብርቱ አይደለም። ቡድን ሲመረጥ ስሙ በመጨረሻ ይጠራል፥ አንዳንድ ጊዜም ሳይጠራ ይቀራል። ከሜዳው ዳር ቆሞ ግን ማን ስንት እንዳገባ፥ ማን በየትኛው ሰዓት እንደ ደከመ፥ ዳኛውም የት ላይ እንደ ተሳሳተ አንድ ሳያስቀር ይናገራል። መምህሩ ይህን ልጅ ሲያይ ብዙ ጊዜ፥ “ይህን ተውና ትምህርትህን ተማር” ይለዋል። ምክሩ በቅን ልብ የተሰጠ ነው፤ ዳሩ ግን ጨዋታና ትምህርት ሁልጊዜ ተቃራኒ መንገዶች ናቸው ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም።

የዛሬው ንግግር በዚህ ጉዳይ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ለማምጣት የታሰበ ነው። ምሳሌውም በአሜሪካ በደመወዝ የሚጫወቱት ቤዝቦል የተባለው ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ የተመረጠበት ምክንያት፥ ሳይጫወቱ ከእርሱ እንጀራቸውን የሚያገኙት ሰዎች ብዙ ስለ ሆኑና የሥራቸውም ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ላላየ ሰው ይህን ያህል መናገር ይበቃል። በየቡድኑ ዘጠኝ ሰዎች ይሰለፋሉ። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ ርቀት ላይ ቆሞ ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በእንጨት ዱላ ሊመታው ይሞክራል፤ ከመታውም በኋላ ቤዝ በሚባሉት አራት ምልክቶች ዙሪያ ሮጦ ወደ ተነሣበት ሲመለስ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል። ከመቺው ጀርባ ተቀባዩ፥ ከተቀባዩም ጀርባ ዳኛው ይቆማል። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ዕድሜ ልክ ቢማሩት የሚያልቅ አይደለም።

ከፍተኛው ሊግ 30 ክለቦች አሉት፤ ከእነዚህም 29ኙ በዩናይትድ ስቴትስ፥ አንዱ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል። ለጨዋታ ተዘጋጅተው በመዝገብ የሚጻፉት በየክለቡ 26 ሰዎች ስለ ሆኑ፥ በጠቅላላው 780 ናቸው ማለት ነው። ከከፍተኛው ሊግ በታች ደግሞ፥ ከ2021 ወዲህ በአራት ደረጃ የተከፈሉ 120 የታችኛው ሊግ ክለቦች አሉ። በዚያ ሁሉ ሜዳ ሣሩን የሚያጭደው፥ ሒሳቡን የሚይዘው፥ ጨዋታውን በራዲዮ የሚያሰማው፥ የታመመውን የሚያሽው፥ የሚዳኘውና የሚመዘግበው ሁሉ ቢቈጠር ተጫዋቹ ጥቂቱ፥ የማይጫወተው ብዙው ሆኖ ይገኛል።

ለመምህራን ጉባኤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ስም ብራንች ሪኪ ነው፤ ሰውዬው በወጣትነቱ በኦሃዮ ገጠር በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረና። የተወለደው በ1881 ነው። ተጫዋች ለመሆንም ሞክሮ ነበር። ነገር ግን በ1907 ክንዱ ታሞ ሳለ ተቀባይ ሆኖ በተሰለፈበት በአንድ ጨዋታ ላይ ተቃራኒዎቹ 13 ጊዜ ቤዝ ሰረቁበት። ቤዝ መስረቅ ማለት ሯጩ የወርዋሪውን እጅ ጠብቆ ኳሱ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ምልክት ማምለጥ ነው፤ ይህንንም በፈጣን ውርወራ ማስቀረት የተቀባዩ ግዳጅ ነው። ያ ቍጥር እስከ ዛሬ ድረስ ከስሙ ጋር ተመዝግቦ ይኖራል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚህ ኀፍረት ጨዋታውን ለዘለዓለም በተሰናበተ ነበር። ሪኪ ግን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንቶ በ1911 ተመረቀና፥ በክንዱ ያልሆነለትን በአእምሮው ለመሥራት ወደዚያው ጨዋታ ተመለሰ።

በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ክለብ በኀላፊነት ሲሠራ፥ ሀብታሞቹ ክለቦች የበሰሉትን ተጫዋቾች በገንዘብ ሲወስዱ የእርሱ ክለብ ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ልጆቹን ከታች ጀምሮ ራሱ የሚያሳድግበትን፥ ትንንሽ ክለቦችን እንደ ትምህርት ቤት ክፍል በደረጃ የሚያያይዝበትን ሥርዓት ዘረጋ። ዛሬ 120ው የታችኛው ሊግ ክለቦች የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ተማሪን ከክፍል ወደ ክፍል ሲያሳልፍ ለኖረ መምህር ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም፤ በዚያን ጊዜ ለነበሩት ባለ ክለቦች ግን እንግዳ ነበረ።

ከዚያም በኋላ በብሩክሊን ዶጀርስ ክለብ ሳለ፥ በ1945 ክላይድ ሱክፎርዝ የተባለውን ተጫዋች ፈላጊ ልኮ ጃኪ ሮቢንሰንን አስመጣው። ጥቁር አሜሪካውያን ከ60 ዓመት ለሚበልጥ ዘመን ከከፍተኛው ሊግ ተከልክለው ይኖሩ ነበር። ሮቢንሰን ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሜዳ በገባ ጊዜ ያ አጥር ፈረሰ። የዚህ ሥራ ክብር የሮቢንሰን ነው፤ ስድቡንና ዛቻውን በሜዳ ላይ ቆሞ የተቀበለው እርሱ ነውና። ነገር ግን የሌሎቹ ክለቦች አለቆች ዝም ባሉበት ዘመን ውሉን ያዘጋጀው የማይጫወት ሰው እጅ ነበረ። ሪኪም ቢሆን ጻድቅ ብቻ አልነበረም፤ ሮቢንሰንን ሲወስድ ለቀድሞ ክለቡ ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ታሪኩ ሲነገር ይህም አብሮ ሊነገር ይገባል።

ከማይጫወቱት ሁሉ ለኳሱ የሚቀርበው ዳኛው ነው። ወርዋሪው የለቀቀው ኳስ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ይመጣል፤ ከእጅ ወጥቶ መቺው ዘንድ እስኪደርስም ግማሽ ሴኮንድ አይሞላም። ዳኛው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ኳሱ ወርዱ 43 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ሰሌዳ ላይ ማለፍ አለማለፉን፥ ከመቺው ጕልበት ዝቅ ወይም ከደረቱ ከፍ ማለት አለማለቱን አይቶ ይፈርዳል። እንዲህ ያለውን ፍርድ በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ይሰጣል። ትክክል ሲፈርድ ማንም ስሙን አያነሣም፤ አንድ ጊዜ ሲሳሳት ግን በአርባ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በአንድ አፍ ይጮኽበታል። የፈተና ወረቀት አርሞ ለተማሪዎቹ የሚመልስ መምህር ይህን ኑሮ በመጠኑ ያውቀዋል።

ወደዚህ ሥራ የሚገባው በትምህርት ነው። የመጀመሪያው የዳኞች ትምህርት ቤት በ1935 በአርካንሶ ግዛት በሆት ስፕሪንግስ ከተማ ተከፈተ፤ የከፈተውም ጆርጅ ባር የተባለ በሥራ ላይ የነበረ ዳኛ ነው። እርሱን ተከትለው ሌሎችም ከፈቱ፤ ዛሬም ከፍተኛው ሊግ ራሱ ዕጩዎችን በየቦታው እየጠራ ይፈትናል። ትምህርቱ ቀላል እንዳይመስል። ዕጩው የሕጉን መጽሐፍ አንቀጽ በአንቀጽ ያጠናል። ኳሱ ወዲህ ሲሄድ እርሱ ወዴት መሮጥ እንዳለበት፥ ቀኝ እጁ ለምልክት ነጻ እንዲሆን ጭንብሉን በግራ እጁ እንዲያወልቅ፥ ድምፁንም ሳይጮኽ እንዴት እንደሚያሰማ ይለማመዳል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ተቈጥቶ የመጣበትን አሠልጣኝ እስከ ምን ድረስ ዝም ብሎ እንደሚያዳምጥና በየትኛው ቃል ላይ ከሜዳ እንደሚያስወጣው ማወቅ ነው። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ እስካሁን አልተገኘም።

ተመርጦ የተቀጠረው ሰው በቀጥታ ወደ ታላቁ ሜዳ አይሄድም። በታችኛው ሊግ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይመደባል። በዚያ ደረጃ አንዱን ጨዋታ የሚዳኙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከከተማ ወደ ከተማ በመኪና አብረው ይጓዛሉ፥ አብረው ይበላሉ፥ ሲሰደቡም አብረው ይሰደባሉ። ደመወዛቸው ጥቂት ነው፤ የጨዋታው ወራት ባለቀ ጊዜም ሌላ ሥራ መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል። ሲንግል ኤ፥ ሃይ ኤ፥ ደብል ኤ፥ ትሪፕል ኤ የተባሉትን ደረጃዎች ለመውጣት ብዙ ጊዜ ከሰባት እስከ ዐሥር ዓመት፥ ከዚያም በላይ ይፈጃል። በከፍተኛው ሊግ ያሉት የቋሚ ዳኞች ቦታዎች 76 ናቸው። አንድ ቦታ የሚከፈተው አንድ ዳኛ ሥራ ሲተው ወይም በጡረታ ሲገለል ስለ ሆነ፥ ጥሩ ዳኛ ሆኖ ሳለ ቦታ ጠፍቶ የሚሰናበተው ሰው ብዙ ነው። ይህን ሳይነግሩ ስለ ከፍተኛው ሊግ ክብር ብቻ ለተማሪ ማውራት ልጁን ማታለል ነው።

በሩ ለአንዳንዶች ከሌላው ይልቅ የጠበበ ነበረ። ኤሜት አሽፎርድ በሎስ አንጀለስ በፖስታ ቤት ይሠራ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ያንን የተረጋገጠ ሥራ ትቶ በ1951 በታችኛው ሊግ መዳኘት ጀመረ። ወደ ከፍተኛው ሊግ ገብቶ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ለመሆን የበቃው በ1966 ነው፤ ዕድሜውም ያን ጊዜ 51 ዓመት ነበር። ሮቢንሰን መጫወት ከጀመረ 19 ዓመት አልፎ ነበር። ጥቁር ሰው በዚያ ሜዳ ላይ እንዲሮጥና እንዲመታ ከተፈቀደለት በኋላ፥ በነጮች ላይ እንዲፈርድ እስኪፈቀድለት ድረስ ሌላ 19 ዓመት ማስፈለጉን ልብ ይሏል። ሰዎች ከሰው ጕልበቱን ለመቀበል ፈጣኖች ናቸው፤ ሥልጣን ለመስጠት ግን ይዘገያሉ።

የሴቶቹ ጕዳይ ከዚህም የባሰ ነበረ። በ1972 በርኒስ ጌራ የተባለች ሴት ከረጅም የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት በጄኒቫ ከተማ አንድ ጨዋታ ዳኘች፤ ጨዋታው እንዳለቀም የሥራ ባልደረቦቿ እንዳልተባበሯት ተናግራ ሥራውን ተወች። ፓም ፖስቴማ ደግሞ ከ1977 ጀምራ 13 የጨዋታ ዘመን ዳኝታ እስከ ትሪፕል ኤ ድረስ ወጣች፤ በ1989 ግን አሰናበቷት። ሦስተኛዋ ጄን ፓወል ናት። እርሷ በዩኒቨርሲቲ ሥዕል ያጠናች፥ ሥዕልም ያስተማረች ሴት ስትሆን፥ በ2016 ወደ ታችኛው ሊግ ገባች። ከ1,200 በላይ ጨዋታ ከዳኘች በኋላ፥ ኦገስት 9 ቀን 2025 በአትላንታ ከተማ በከፍተኛው ሊግ ጨዋታ የዳኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ዕድሜዋም 48 ዓመት ነበር። ከጌራ አንድ ጨዋታ እስከ ፓወል ድረስ 53 ዓመት አለፈ።

ዳኞቹ ደግሞ ከሌላ ወገን ፈተና መጥቶባቸዋል፤ እርሱም መኪና ነው። በሴፕቴምበር 2025 በተወሰነው ደንብ መሠረት፥ ከ2026 የጨዋታ ዘመን ጀምሮ ወርዋሪው፥ ተቀባዩ ወይም መቺው የዳኛው ፍርድ በካሜራ እንዲመረመር ለመጠየቅ ይችላል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ጠይቆ እስኪረታ ድረስ መብቱ አይነሣበትም። የምርመራውም ውጤት በሕዝቡ ሁሉ ፊት በትልቅ ሰሌዳ ላይ ይታያል። በዚህ ምክንያት ዳኛ ቀርቶ መኪና ብቻውን ቢፈርድ ይሻላል የሚሉ አልጠፉም። ነገር ግን መኪናው ኳሱ ያለፈበትን ቦታ ይለካል እንጂ፥ ሁለት የተቈጡ ቡድኖች ፊት ለፊት ሲፋጠጡ በመካከላቸው ሊገባ አይችልም።

ሁለተኛው ትልቅ የሥራ በር ቍጥር ነው። ቤዝቦል እያንዳንዱ ድርጊት ተለይቶ የሚቈጠርበት ጨዋታ ስለ ሆነ፥ መዝጋቢው እንደ ተጫዋቹ ያረጀ ታሪክ አለው። ሄንሪ ቻድዊክ በ1824 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ጋዜጠኛ ነው። የአንድ ቀን ጨዋታ በጋዜጣ ላይ በአንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ እንዲታይ ያደረገውን አመዘጋገብ ያሻሻለና ያስፋፋ እርሱ ነበረ፤ ስለዚህም በ1938 በኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ስሙ ገባ። በ1947 ደግሞ ይኸው ብራንች ሪኪ አለን ሮት የተባለ የሞንትሪያል ሰው ለክለቡ በሙሉ ጊዜ ቍጥር እንዲመረምር ቀጠረ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ለዚህ ብቻ ሰው በቋሚ ደመወዝ የቀጠረ ክለብ አልነበረም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የመምህራንን ልብ የሚነካው የቢል ጄምስ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በካንሳስ ግዛት ጥራጥሬ በቆርቆሮ በሚያሽግ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ነበረ። ሌሊቱን ሲጠብቅ ሌሎቹ ያልጠየቁትን ይጠይቅ ነበር። ለምሳሌ ያህል፥ በጨዋታው ሕግ አንድ ሜዳ ጠባቂ ሊይዘው የሚገባውን ኳስ ሲጥል ስሕተት ይቈጠርበታል፤ ስሕተቱ ጥቂት የሆነም ሰው ጥሩ ተብሎ ይመሰገናል። ጄምስ ግን፥ ይህ ሰው ያልተሳሳተው በእውነት ጎበዝ ሆኖ ነውን፥ ወይስ ዘገምተኛ ስለ ሆነ ኳሱ ወዳለበት ሳይደርስ ቀርቶ? ብሎ ጠየቀ። በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ የማያውቅ ተማሪም እንዲሁ ስሕተት አይገኝበትም። ጄምስ በ1977 የመጀመሪያውን ጽሑፉን በራሱ ወጪ አሳትሞ በጋዜጣ ማስታወቂያ ሸጠው፤ የገዙትም እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ቦስተን ሬድ ሶክስ የተባለው ክለብ አማካሪ አድርጎ የቀጠረው በ2002 መጨረሻ፥ ማለት ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ወራት ክለቡ ቲዮ ኤፕስቲን የተባለውን የ28 ዓመት ወጣት ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሾመው። ኤፕስቲን የየል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅና ሕግ የተማረ ሰው ነው እንጂ በደመወዝ ተጫውቶ አያውቅም። ሬድ ሶክስ ለ86 ዓመት ያጣውን ዋንጫ በ2004 አገኘ። ኤፕስቲንም በኋላ ወደ ቺካጎ ከብስ ተዛውሮ፥ ያ ክለብ ለ108 ዓመት ያጣውን ዋንጫ በ2016 እንዲያገኝ አደረገ።

ይህ ድል ግን የሌሎችን እንጀራ ሳይነካ አልቀረም። ተጫዋች ፈላጊ የሚባሉት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በየገጠሩና በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ልጆችን የሚመለከቱ ናቸው። የሚሰጡት ማርክ ከ20 ጀምሮ እስከ 80 ይደርሳል፤ 50 ማለት በከፍተኛው ሊግ ሚዛን መካከለኛ ነው። የሚታረሙትም ነገሮች አምስት ናቸው፤ መምታት፥ የምቱ ኀይል፥ ሩጫ፥ የክንድ ብርታትና ኳስ አያያዝ። ጥሩ ፈላጊ ግን ከማርኩ በታች ባለው ባዶ መስመር ላይ ሌላ ነገር ይጽፋል፤ ልጁ ሲሸነፍ ምን እንደሚያደርግ፥ እናቱን እንዴት እንደሚያነጋግር። በዚህ ሥራ ላይ በ1946 ኤዲት ሆውተን የተባለች ሴት በፊላዴልፊያ ፊሊስ ክለብ ተቀጥራ ነበር፤ ይህም ለዚያ ዘመን እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ዛሬ ካሜራና ቍጥር የፈላጊውን ሥራ በከፊል ስለ ወሰዱ፥ ይልቁንም ከ2020 ወዲህ ብዙዎች ተሰናብተዋል። ሠላሳ ዓመት በመኪና ሲዞሩ የኖሩ ሽማግሌዎች ሒሳብ በተማሩ ወጣቶች ሲተኩ ማየት ደስ የሚያሰኝ ብቻ አይደለም። ወጣቱ ያገኘው ሥራ ሽማግሌው ያጣው ነው፤ ቍጥሩም የእናቲቱን ነገር አይነግርም።

የቀሩትን ሙያዎች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ኳሱ የሚሰፋው በኮስታ ሪካ በቱሪያልባ ከተማ በሰው እጅ ነው፤ ልስላሴው እንዲቀንስም ከጨዋታ በፊት በኒው ጀርሲ ግዛት ከሚገኝ ወንዝ ዳር በሚወጣ ጭቃ ይታሻል። ጭቃውን በ1938 ያገኘው ሊና ብላክበርን የተባለ አሠልጣኝ ሲሆን፥ የሚወጣበት ቦታ እስከ ዛሬ ምስጢር ነው። ጭቃ በመዛቅ የሚኖር ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? ከሐኪሞቹም ወገን ፍራንክ ጆብ አይረሳም። በ1974 የወርዋሪውን የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላው ክንዱ በተወሰደ ጅማት ተካለት። ጆን በ1976 ተመልሶ ከዚያ በኋላ 164 ጨዋታ አሸነፈ፤ ቀዶ ሕክምናውም እስከ ዛሬ በበሽተኛው ስም ይጠራል እንጂ በሐኪሙ ስም አይጠራም። ይህም የማይጫወቱት ሰዎች የተለመደ ዕጣ ነው።

ወደ ክለብ ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደሚገባ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር፥ የኪም ኢንግን ሕይወት ማሳየት ከረጅም ምክር ይሻላል። ይህች ሴት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን እንደ ጨረሰች በ1990 በቺካጎ ዋይት ሶክስ ክለብ በተለማማጅነት ገባች። መረጃ ከመሰብሰብ ጀምራ፥ የደመወዝ ክርክር እየተከራከረች፥ ከክለብ ወደ ክለብ፥ ከምክትልነት ወደ ምክትልነት ተዛወረች። ለዋና ሥራ አስኪያጅነት ብዙ ጊዜ ተጠይቃ ብዙ ጊዜ ቀረች። በኖቬምበር 2020 የማያሚ ማርሊንስ ክለብ ሾማትና በከፍተኛው ሊግ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነች። ከገባችበት ቀን 30 ዓመት ሆኖ ነበር። ኤፕስቲን በ28 ዓመቱ የደረሰበት ወንበር ይኸው ነው።

ክለቦቹ ይህን የሰው ፍቅር ያውቁታል፤ ስለዚህም ከታች ለሚጀምሩት ብዙ አይከፍሉም። ሥራውን ያለ ደመወዝ እንኳ ለመሥራት የሚለምን ወጣት በበሩ ላይ ተሰልፎ ሳለ፥ የሚከፍል አለቃ ከየት ይገኛል? እንግዲህ የሀብታም ልጅ ታግሦ ይቆያል፤ የድኻው ልጅ ግን ጎበዝ ቢሆንም ኪራይ መክፈል አቅቶት ይወጣል። ይህ ጕድለት በየሙያው የሚታይ ቢሆንም፥ ሰው በሚወደው ሥራ ላይ ግን ይበረታል። መምህርነትም ከዚህ ነጻ አይደለም።

በመጨረሻ የቀረው ሥራ የመምህራኑ የራሳቸው ነው። ብዙ ሰው በቤዝቦል ክለብ ውስጥ አስተማሪ በደመወዝ እንደሚቀጠር አያውቅም። በካሪቢያን ባሕር ባለችው በዶሚኒካን ሪፑብሊክ 30ው ክለቦች ሁሉ የማሠልጠኛ ካምፕ አላቸው፤ ዶጀርስ ካምፖ ላስ ፓልማስ የተባለውን የከፈተው በ1987 ነበር። በዚያች አገር አንድ ልጅ 16 ዓመት ሲሆነው ከክለብ ጋር ውል ለመፈረም ይፈቀድለታል። ለዚህ ቀን ሲዘጋጁ ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ፤ ቡስኮን የሚባሉት አሠልጣኝም ደላላም የሆኑ ሰዎች ልጆቹን ይዘው ቀኑን ሙሉ ያለማምዷቸዋል፥ ውሉ ሲፈረምም ከገንዘቡ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከሚፈርሙት መካከል ግን ከፍተኛው ሊግ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት በ19ና በ20 ዓመታቸው ይሰናበታሉ።

እንግዲህ በእነዚህ ካምፖች ውስጥ መማሪያ ክፍል አለ። መምህሩ ጠዋት በሜዳ ሲሮጡ ውለው የደከሙትን ልጆች ተቀብሎ እንግሊዝኛ ያስተምራቸዋል። የመጀመሪያው ትምህርት ብዙ ጊዜ ከሜዳው የተወሰደ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች በአየር ላይ ያለውን አንድ ኳስ ለመያዝ ሲሮጡ፥ “የእኔ ነው” የሚለውን ቃል በአንድ ቋንቋ ካልተግባቡበት ይጋጫሉ። ቀጥሎም በባዕድ አገር ምግብ ማዘዝን፥ በባንክ ገንዘብ ማስቀመጥን፥ ለሐኪም የታመሙበትን ቦታ መናገርን ይማራሉ። ወደ አሜሪካ ለተሻገሩትም ቢሆን፥ ከ2016 ጀምሮ እያንዳንዱ የከፍተኛው ሊግ ክለብ የስፓኒሽ አስተርጓሚ በቋሚነት እንዲቀጥር ተደንግጓል፤ ይህም ደንብ እስኪወጣ ድረስ ስንት ወጣት በጋዜጠኞች ፊት አንገቱን ደፍቶ እንደ ቀረ መገመት ይቻላል።

ክለቡ የሚያስተምረው ለራሱ ጥቅም መሆኑ አይካድም፤ የአሠልጣኙን ቃል የሚሰማ ተጫዋች ቶሎ ይሻሻላል። የልምምድ ሰዓትና የትምህርት ሰዓት ሲጋጩም የትኛው እንደሚያሸንፍ ለመገመት አያዳግትም። ነገር ግን ከእንግሊዝኛው በተጨማሪ ልጆቹ ያቋረጡትን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያስጨርሱ ክለቦች አሉ። በካምፑ ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል አሠልጣኙ፥ ሐኪሙና ፈላጊው ሁሉ የሚደክሙት ለሚያልፈው ልጅ ነው፤ ለማያልፈው ልጅ የሚደክም መምህሩ ብቻ ነው። ልጁ የተሰናበተ ዕለት ጓንቱንና ጫማውን በከረጢት ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ትምህርቱን ጨርሶ እንደ ሆነ በዚያው ከረጢት ውስጥ የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት ይኖራል፤ ካልጨረሰ ግን ጓንቱና ጫማው ብቻ ናቸው።